የካፒቴኑ ሰሃን

ካፒቴን ሩፊኖ ሆከር የሞተው ሰዎች እያዩት ነው። ከውኃው ሥር ባለው የኮራል አለት ላይ ፊቱን ወደ ውኃው ደፍቶ፣ የመተንፈሻ ቱቦውን ወደ ላይ አቁሞ፣ እጆቹን ዘርግቶ ተንሳፎ ነበር፤ በዚያ ቦታ ደግሞ ሰው ሁሉ የሚንሳፈፈው እንዲያው ነው። ሁለቱ እንግዶቹ በአጠገቡ እየዋኙ ተመላለሱ። ሴትዮዋ እንዲያውም አንድ ሰማያዊ ዓሣ ልታሳየው ፈልጋ ትከሻውን ነካ ነካ አደረገችው። መልስ ስታጣ ገለበጠችው።

ኢንስፔክተር ዩስታስ ፎርብስ በፖሊስ ጀልባ ሲደርስ አስከሬኑ በሚስ ሊዮኖራ ምግብ ቤት ወለል ላይ፣ በአበባማ የፕላስቲክ የጠረጴዛ ልብስ ተሸፍኖ ተጋድሟል። ምግብ ቤቱ ባሕር ውስጥ በተተከሉ ምሰሶዎች ላይ የቆመ ነው፤ ውኃው በጣውላዎቹ ስንጥቅ መካከል ይታያል። ፎርብስ ጫማውን አውልቆ ተንበረከከና የጨርቁን ጫፍ ገለጠ። አብሮት የመጣው የጤና ጣቢያ ሐኪም አስከሬኑን መርምሮ ሲጨርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ቁስልም ሰንበርም እንደሌለ፣ ሰውዬው ሳንባው ውስጥ ውኃ ገብቶ እንደሞተ ነገረው።

«ሩፊኖ በእግሩ ሳይሄድ ነው ዋና የተማረው» አለ ፎርብስ።

«እኔም የገረመኝ እሱ ነው። እጁ ኮራል አልቧጠጠም፤ ጥፍሩ ሥር ምንም የለም። አልታገለም። የሞተው እንደ ተኛ ሰው ነው።»

ተጠርጣሪው ግን ከፎርብስ በፊት ተገኝቶ ነበር። ዛሬም በጀልባው ላይ አብሮት የነበረው የሟቹ የጀልባ ሸሪክ ዴልሮይ ግሬንጅ እጁ በካቴና ታስሮ ከምሰሶ ሥር ተቀምጧል። ትናንት በወደቡ ላይ፣ ከተማው ሁሉ እየሰማ፣ «አንድ ቀን በገዛ እጄ አሰጥምሃለሁ» ብሎ ሩፊኖ ላይ ጮኾበታል። ለጎረቤት ኬላ ፖሊሶች ይህ በቂ ነበር። የዐቃቤ ሕጉም ትእዛዝ በስልክ ደርሷል፤ ሌላ የተጨበጠ ነገር ካልተገኘ ዴልሮይ ከሰዓት በኋላ በሚነሣው ጀልባ ወደ ዋናው ምድር እስር ቤት ይላካል። እዚያ ቀጠሮ የሚጠብቁ ሰዎች ስንት ዓመት እንደሚረሱ ፎርብስ ያውቃል። ዴልሮይም ያውቃል።

«ዩስታስ፣ እኔ ሰው የማሰጥም ብሆን ኖሮ በመጀመሪያ አንተን አሰጥም ነበር» አለው ዴልሮይ። «ትምህርት ቤት ሳለን ኳሴን ወስደህ አልመለስክልኝም።»

«ሩፊኖን ለምን ዛትክበት?»

«በሞተሩ ነዋ። እያጋለ ያቃጥለዋል። ለቱሪስት ዶልፊን ለማዝለል ሲል ባሕሩን እንደ ፈረስ ሜዳ ይዞረዋል። ንብረቱ የጋራ ነው እኮ።»

ፎርብስ ወደ ጀልባው ወርዶ ከመሪው መቀመጫ ሥር ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ አነሣ። እርጥብ ፎጣ፣ የተጠቀለለ ገመድ፣ ጎኑ ላይ የወደቀ አፉ የተከፈተ ኮኮናት። ኮኮናቱን ወደ ብርሃን አዘንብሎ ተመለከተ። ከውስጥ ቁራጭ ሎሚ አለ፤ ከሥሩ ደግሞ እንደ ኖራ የነጣ ዝቃጭ ተጣብቋል። ከዴልሮይ እንደተረዳው ሩፊኖ ወደ ኮራሉ ሲወጣ ዘወትር አንድ ኮኮናት ከዚህ ቤት ይዞ ይሄዳል፤ ጨውና ሎሚ ስለሚያስጨምርበት ሌላ ሰው አይቀምሰውም።

ዝቃጩ ምን እንደሆነ የተናገረው ከእንግዶቹ አንዱ ነበር። ኦልሜዶ ይባላል፤ ከዋና ከተማው ከሚስቱ ጋር ለዕረፍት የመጣ፣ ራሰ በራነቱ በፀሐይ የተቃጠለ ሰው ነው። ዝቃጩን በጣቱ ጫፍ ነክቶ በምላሱ ሞከረና እንትፍ አለ።

«የእንቅልፍ ክኒን ነው። ሎሚው እንኳ ምሬቱን አልሸፈነውም። እኔ መድኃኒት ቤት አለኝ፤ እንግዲህ ከፈለጉ እኔንም ይሰሩኝ።»

«በሻንጣዎ ውስጥ አለ?»

«ያለኝ የማቅለሽለሽ መድኃኒት ብቻ ነው። እሱንም ባለቤቴ ጨርሳዋለች። ሰውዬው ሲያዞረን አንጀቷ ሊወጣ ነበር።»

ሚስቱ ቃሏን የሰጠችው እያለቀሰች ነው። ጠዋት በመጀመሪያ የሄዱት ዶልፊኖቹ ወዳሉበት የባሕር ወሽመጥ ነበር። እንስሳቱ ጠልቀው አልታይ ሲሉ ካፒቴኑ ሞተሩን እስከ መጨረሻ ከፍቶ ደጋግሞ ዞረ፤ ማዕበሉ ሲነሣ ዶልፊኖቹ ዘለሉ። በዚያው ቅጽበት ውኃ ውስጥ ከበቀሉት የማንግሮቭ ዛፎች መካከል ሁለት ትንንሽ ልጆች የሚቀዝፏት ታንኳ ብቅ አለች። ማዕበሉ ታንኳዋን አንሥቶ ሊገለብጣት ለጥቂት ቀረው። ሴትዮዋ ጮኸች። ካፒቴኑ ግን ሳቀና፣ የዚህ አገር ልጆች እንደ ቡሽ ናቸው፣ አይሰምጡም አላት።

«ይህን ለማን ነገሩ?» አለ ፎርብስ።

«ምሳ ልናዝዝ እዚህ ስንቆም ለሁሉም ነው የተናገርኩት። እዚህ ጠረጴዛ አጠገብ ቆሜ ጮኼ ነው የተናገርኩት። ተመልሼ ከእሱ ጋር አልሄድም አልኩ። ባለቤቴ ከተከፈለበት ኮራሉን እንይ አለኝና ሄድን።»

ጠረጴዛው ከወጥ ቤቱ መስኮት ሥር ነው። ፎርብስ መስኮቱን ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። በመስኮቱ ላይ ጨርቅ የለበሱ ሦስት ሰሃኖች ተደርድረዋል። ከእነርሱ ወዲያ፣ ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ፣ በክርን መደገፍ ብዛት የለሰለሰች አጭር ጣውላ በግድግዳው ላይ በምስማር ተመትታለች። ጣውላዋ ባዶ ነበረች።

ያችን ጣውላ ፎርብስ ያውቃታል። አባቱ የጀልባ ካፒቴን ነበር። በዚህ ባሕር ላይ እንግዳ ይዞ ለሚመጣ ካፒቴን ምግብ ቤቱ በነጻ ያበላል፤ ካፒቴኑም ከእንግዶቹ ጋር አይቀመጥም፤ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሞ በልቶ ወደ ጀልባው ይመለሳል። ስለዚህ የእርሱ ዓሣ ከሁሉ በፊት ይጠበሳል፣ ከሁሉ በፊትም ይወጣል። ፎርብስ በልጅነቱ ከአባቱ ሰሃን የዓሣውን ጉንጭ እየፈለቀቀ የበላው እንደዚህች ባለች ጣውላ ሥር ቆሞ ነው።

የቤቱ ባለቤት ሚስ ሊዮኖራ፣ ጠና ያለች ግዙፍ ሴት፣ ክንዱን ያዘችው።

«ሦስት ሰሃን ተሠርቶ ቀርቷል፤ የሁለቱ እንግዶችና የዴልሮይ። እንግዶቹ መቅመስ አልቻሉም። አንተ ብላ የኔ ልጅ፤ ከስተሃል፤ መንግሥት አያበላህም እንዴ?»

«ሬሳው ሲመጣ ምግቡ ደርሶ ነበር?»

«ሦስቱም መስኮቱ ላይ ነበሩ። እኔ ነኝ ጨርቅ ያለበስኳቸው።»

በዚህ ቤት ትእዛዝ የምትቀበለው ሚስ ሊዮኖራ ናት። ኮኮናት የሚከፍተው ሴራፊን የተባለ ዝምተኛ ሰው ነው። የምታበስለው ደግሞ የሴራፊን ሚስት ፋውስቲና ብቻ ናት። ሩፊኖ ጨውና ሎሚ ስለሚወድ የእርሱ ኮኮናት በወጥ ቤቱ በኩል ያልፋል።

ፎርብስ ወደ ወጥ ቤቱ ገባ። ፋውስቲና ድስት ትፈገፍጋለች። ያውቃታል፤ ባለፈው ዓመት ቤቷ ወለል ላይ ተቀምጦ ቃሏን ተቀብሏል። ትልቋ ልጇ ኤልቢያ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ታንኳዋ በሩፊኖ ጀልባ ማዕበል ተገልብጦ ሰምጣ ሞተች። ፎርብስ ምስክር አሰባስቦ፣ የጀልባውን ፍጥነትና ሩፊኖ የዞረበትን ስፍራ ጠቅሶ ክስ እንዲመሠረት ጻፈ። መልሱ ባጭሩ መጣ፤ ማዕበል የተፈጥሮ ነገር ነው፣ መዝገቡ ተዘግቷል የሚል ነበር። ሩፊኖም እንግዶቹን ይዞ ወደዚሁ ቤት መምጣቱን ቀጠለ። ፋውስቲናም ማብሰሏን ቀጠለች፤ በአካባቢው ሌላ ሥራ አልነበረም።

«መሞቱን መቼ ሰማሽ?» አላት።

«ጀልባው ሲመለስ ነው። የመጨረሻውን ዓሣ ከዘይቱ እያወጣሁ ነበር።»

«እንቅልፍስ? ያኔ ጭራሽ አልተኛም ብለሽኝ ነበር።»

«ጤና ጣቢያ ክኒን ይሰጡኛል።»

«ትወስጃለሽ?»

ድስቱን ገልብጣ አስቀመጠችው። «አንዲት ልጅ ቀርታኛለች ጌታዬ። ተኝቼ ሳለ ብትጠራኝስ?»

ፎርብስ ወጥቶ በምግብ ቤቱ ወለል ጫፍ፣ ኮኮናቱን ካስቀመጠበት አጠገብ ቆመ። ሐኪሙ የወረቀት ሥራ እንደማይወድ ያውቃል፤ አንድ ቃል ቢለው በልብ ሕመም የሞተ ብሎ ይፈርምለት ይሆናል። ኮኮናቱንም በእግሩ ገፋ ቢያደርገው ባሕሩ ይወስደዋል። ነገር ግን ዝቃጩን ሁሉም አይቶታል፤ ኮኮናቱም የተገኘው ዴልሮይ በነበረበት ጀልባ ላይ ነው። ኮኮናቱ ቢጠፋ የሚጠፋው ለዴልሮይ የቀረው ብቸኛ መከላከያ ነው። የከሰዓት በኋላው ጀልባ ከሩቅ ጥሩምባውን ነፋ።

ሁሉም በአስከሬኑ ዙሪያ እንዲሰበሰቡ አደረገ። ቆሞ ሳይሆን በእንግዶቹ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ፣ ድምፁን ሳያነሣ ተናገረ።

«ሩፊኖን የገደለው ውኃው ነው፤ ለውኃው አሳልፎ የሰጠው ግን እንቅልፍ ነው። ክኒኑ በኮኮናቱ ውስጥ ነበር። ኮኮናቱን ሊነኩ የሚችሉት በጀልባው የነበሩት ሦስቱና በዚህ ቤት ያሉት ሦስቱ ናቸው። አቶ ኦልሜዶ መድኃኒት ያውቃሉ፤ ገዳይ ቢሆኑ ግን ማንም ያልለየውን ዝቃጭ በገዛ ምላሳቸው ለይተው ባልነገሩኝ ነበር። ዴልሮይ ደግሞ ሌሎቹ ኮራሉ ላይ ሲዋኙ ጀልባው ላይ ብቻውን ነበር። ኮኮናቱን ባሕር ውስጥ ለመጣል ክንዱን መዘርጋት ብቻ ይበቃው ነበር። አልጣለውም፤ ምን እንደያዘ አላወቀም።»

«ኳሴን ይቅር ብዬሃለሁ» አለ ዴልሮይ። የሳቀ አልነበረም።

«ሚስ ሊዮኖራ፣ የሩፊኖ ሰሃን የት አለ?»

ሚስ ሊዮኖራ ወደ መስኮቱ፣ ከዚያ ወደ አጭሯ ጣውላ ተመለከተች።

«የካፒቴን ዓሣ ከእንግዳው ዓሣ በፊት ነው የሚጠበሰው። ሬሳው እዚህ ሲደርስ የእንግዶቹ ሁለት ሰሃንና የዴልሮይ መስኮቱ ላይ ነበሩ። የካፒቴኑ ከሁሉ በፊት መውጣት ነበረበት። አልወጣም፤ ዘይት ውስጥም አልገባም። ስለዚህ ሩፊኖ ገና በሕይወት ሳለ፣ እንግዶቹ ኮራል ሲያዩ፣ በዚህ ወጥ ቤት ውስጥ እንደማይመለስ የሚያውቅ ሰው ነበረ።»

ሴራፊን ከግድግዳው ተላቆ ወደ ፊት ወጣ። በእጁ ቆንጨራ አለመኖሩን ለማሳየት ይመስል መዳፎቹን ዘረጋ። «እኔ ነኝ። ኮኮናቱን የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ የጨመርኩትም እኔ። እሷ ምንም አታውቅም።»

በዚያች ቅጽበት ፎርብስ ይህን ሰው ማመን ምንኛ ተመኘ።

«አንተ ብትሆን ኖሮ ሴራፊን፣ እሷ ባላወቀች ነበር። ባታውቅ ኖሮ ደግሞ ዓሣው በጣውላዋ ላይ ይጠብቀው ነበር።»

ፋውስቲና በሽርጧ እጇን እያደረቀች ከወጥ ቤቱ ወጣች። ባሏን በክንዱ ይዛ ወደ ኋላ መለሰችው፤ እንደ ሕፃን ልጅ።

«ሴትዮዋ ስትጮህ ሰማሁ» አለች። «ሁለት ልጆች በታንኳ ነበሩ አለች። አንደኛዋ የኔ ናት፤ በዚያ ሰዓት የጠዋት ትምህርት ጨርሳ ከጎረቤት ልጅ ጋር ነው የምትመለሰው። እንደ ቡሽ ናቸው አይሰምጡም አለ አለች። ክኒኑን በሙቀጫ ወቀጥኩት። ዓመት ሙሉ ያጠራቀምኩት ነው፤ ለራሴ ነበር።»

«ዓሣውንስ ለምን አልጠበስሽውም?» አለ ፎርብስ። መልሱ ለፍርድ የሚያስፈልግ አልነበረም።

«ማን ይበላዋል ብዬ? ዓሣ ይጣላል እንዴ?»

ከወለሉ በታች ማዕበሉ ምሰሶዎቹን ይልሳል። የኦልሜዶ ሚስት ፊቷን በፎጣ ሸፍናለች፤ ያን ቃል ከአፌ ባላወጣሁ እያለች እንደሆነ ፎርብስ ገመተ። ከዴልሮይ እጅ የወለቀው ካቴና የፋውስቲናን ቀጭን እጅ ለማሰር እስከ መጨረሻው ጥርስ መጥበቅ ነበረበት።

ዴልሮይ እጁን እያሻሸ በመጀመሪያ የጠየቀው የጀልባውን ቁልፍ ነው። በጀልባ ማረፊያው ላይ ዶልፊን ሊያዩ ካፒቴን የሚጠብቁ ሌሎች እንግዶች ተሰልፈዋል። ሚስ ሊዮኖራ የፋውስቲናን ሽርጥ አንሥታ ወገቧ ላይ ልታስር ሞከረች፤ ገመዱ አልደረሰላትም።

የፖሊሱ ጀልባ ወሽመጡ አጠገብ ሲደርስ በስተግራ የሞተር ጩኸትና የሰዎች ሆታ ተሰማ። ዴልሮይ ነበር። ሞተሩን እስከ መጨረሻ ከፍቶ ይዞራል፤ በስተኋላው ሁለት ዶልፊኖች ከነጩ አረፋ ወጥተው ዘለሉ፤ እንግዶቹ አጨበጨቡ። ከማንግሮቩ ጥላ ሥር አንዲት ልጅ ብቻዋን ታንኳ እየቀዘፈች ወደ ምግብ ቤቱ ትሄዳለች። እናቷ በፖሊስ ጀልባ ላይ እንዳለች አላየችም።

ፋውስቲና አላለቀሰችም፤ ልጇንም አልጠራችም። በታሰሩት እጆቿ የነጂውን ፖሊስ ጀርባ ነካ አደረገች።

«ቀስ ይበሉ» አለችው። «ልጆች አሉ።»

ነጂው ወደ ፎርብስ ዞረ፤ ፎርብስ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ፤ ሞተሩ ቀነሰ። የዴልሮይ ማዕበል ግን አልቀነሰም። በሥራቸው አልፎ የፖሊሱን ጀልባ ከፍ ዝቅ አደረገና ወደ ማንግሮቩ ሄደ። ታንኳዋ ተነሣች፣ ዘመመች፣ ተመልሳ ቀና አለች። ልጅቷ መቅዘፊያዋን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ፣ እንደ ዘወትሩ፣ በተቆረጠ የፕላስቲክ ጠርሙስ ከታንኳዋ ውኃ እየቀዳች ትደፋ ጀመር።

ሁለተኛው ማዕበል እየመጣ ነበር።