ከረግረጉ ማዶ ያለው ድንጋይ

የጂኦግራፊ መምህርቷ ሦስት አገሮች የሚገናኙበትን የሰሜኑን ድንጋይ ስምንት ዓመት ሙሉ በካርታ ላይ ስታሳይ ኖረች። አንድ ቀን ተማሪዋ «ቲቸር፣ እርስዎ ደርሰውበት ያውቃሉ?» ብትላት «ዘንድሮ እደርስበታለሁ» አለቻት።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ጓዟን ጠቅልላ በአውቶቡስ እስከ መጨረሻዋ ከተማ ሄደች። ከዚያ ወዲያ የሚወስድ አንድ ረጅም ሾፌር ብቻ ተገኘ።

«መንገዱን ያውቁታል?»

«እንደ መዳፌ!» አለ፣ ዐይኑን ከፊቷ ሳይነቅል።

አራት ሰዓት በጭቃ ተንገጫገጩ። እሱ ይቀልዳል፤ እሷ ትስቃለች። በመጨረሻ ሜዳ ላይ የቆመ ድንጋይ አሳያት። መምህርቷ እልል አለች፤ ድንጋዩን አቀፈችው፣ ሳመችው፣ ፎቶ ተነሳች።

«ልጄ» አሉ አንዲት ባልቴት ከኋላዋ፣ «የፍየሌ ማሰሪያ ምን ውለታ ቢውልልሽ ነው እንዲህ የምትስሚው?»

ሾፌሩ አንገቱን ደፋ።

«ዋሸኸኝ!» አለች፤ አንቱታው እዚያው ቀረ።

«ዋሸሁሽ። አላውቀውም ካልኩሽ ትተሽኝ ትሄጃለሽ ብዬ ፈራሁ።»

«ብሄድስ?»

«የፈራሁት እሱን ነዋ።»

ባልቴቷ እየሳቁ «የድንበሩ ድንጋይስ ያውና!» ብለው ከሜዳው ቀጥሎ ካለው ረግረግ ማዶ ጠቆሙ። መምህርቷ ቱግ እንዳለች ብቻዋን ገባችበት። ሾፌሩ ዐሥር እርምጃ ወደኋላ ቀርቶ ተከተላት። ብዙም ሳትሄድ ጭቃው እስከ ጉልበቷ ያዛት።

«ላውጣሽ?»

«እንዳትነካኝ!»

ጭቃው አልለቅ ሲላት፣ «ምን ቆመህ ታየኛለህ? አውጣኝ እንጂ!»

ሲጎትታት እሱም ወደቀ። ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። አንድ ጫማዋ ጭቃው ውስጥ ቀርቶ ነበርና የራሱን አውልቆ አጫማት፤ ጀልባ የሚያህል ጫማ።

እውነተኛው ድንጋይ ከጉልበቷ አይበልጥም፤ ሽበት የመሰለ ነጣ ያለ ሻጋታ ለብሷል። ሾፌሩ በአንደኛው አገር ቆሞ «ይቅር በይኝ» አላት።

«አልልም።»

ወደ ሁለተኛው ተሻገረ። «እዚህስ?»

«እዚህም አልልም!»

በሦስተኛው ቆሞ ጠበቃት። መምህርቷ በብርድ የጠቆረውን ባዶ እግሩን አየች። ከዚያ ዐይኑን አየች፤ ዐይኗንም ቶሎ አልመለሰችም።

«በል ይቅር ብዬሃለሁ» አለች፣ ድምፅዋ ለስልሶ። «ደግመህ ብትዋሸኝ ግን ሦስቱም አገር አይበቁህም።»

በማግስቱ የመመለሻዋ አውቶቡስ ጥሩምባውን ሲነፋ ከሾፌሩ ጋር ቁርስ ላይ ነበረች።

«አመለጠሽ» አላት።

«ነገም አለ።»

የነገውም አመለጣት። ዕረፍቱ እስኪያልቅ ዐሥራ አንድ አውቶቡስ አመለጣት፤ በዓመቱ ተጋቡ።