የሱማይላ የቀልድ ዘመድ

ክሌማንስ ባዚዬ ሱማይላን መጀመሪያ ያየችው ከጀርባው ነው። ዘግይታ ስለደረሰች የቀረላት ወንበር ከኋላው ያለው ብቻ ነበር። ከሰውየው የሚታያት ቀጭን አንገቱና በአየር ላይ የሚወራጩት እጆቹ ናቸው።

«ወገኖቼ፣ ፊልም ማለት እሱ ነው» ይላል። «ከእሱ በፊት የተሠራው ሁሉ ልምምድ፣ ከእሱ በኋላ የተሠራው ሁሉ ኩረጃ ነው።»

ቦታው ዋጋዱጉ፣ ዳፖያ ሰፈር፣ የጋሽ ኡማሩ ግቢ ነው። ጋሽ ኡማሩ ድሮ ሲኒማ ቤት ነበራቸው። ሲኒማ ቤቱ ሲዘጋ ወንበሮቹን ግቢያቸው ውስጥ ከኒም ዛፍ ሥር ደረደሯቸው። ቅዳሜ ከሰዓት የሰፈሩ የፊልም ወዳጆች እዚያ ይሰበሰቡና እስከ ዛሬ ከተሠሩት ፊልሞች የሚበልጠው የትኛው እንደሆነ ይከራከራሉ። አንድም ቀን ተስማምተው አያውቁም።

«የትኛውን ፊልም ነው የሚለው?» አለች ክሌማንስ አጠገቧ ወዳለችው ሴት ጠጋ ብላ። በሹክሹክታ ነው የጠየቀችው። ግን የጂኦግራፊ አስተማሪ ናትና ሹክሹክታዋም እስከ መጨረሻው ረድፍ ይሰማል።

ሰውየው ዞረ። «‹የሳልፎ ጉድጓድ›ን ነው። አይተሽዋል?»

«ጀምሬው ነበር። እንቅልፍ ወሰደኝ።»

ራስ ሁሉ ወደ እሷ ዞረ።

«የቱ ጋ ስትደርሺ?»

«ሲቆፍር።»

«ፊልሙ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኮ ቁፋሮ ነው።»

«ለዚህ ነዋ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱ አልሳቀም፤ ቅንድቡን ብቻ ሰቀለ። «ስምሽን ማን ልበል?»

«ክሌማንስ ባዚዬ።»

ፊቱ በአንዴ በራ። «ባዚዬ? አይ የእኔ ነገር... ከጉሩንሲ ጋር ነው እንዴ ትንፋሼን የምጨርሰው? ጋሽ ኡማሩ፣ ውሻውን ወደ ጓዳ ያስገቡልኝ። እንግዳዋ እራቷን ትክ ብላ እያየችው ነው።»

«አንተስ የማን ልጅ ነህ?»

«ሱማይላ ዳብሬ።»

«ቢሳ! እኔም ኦቾሎኒ ኦቾሎኒ የሚሸተኝ ከየት ነው እያልኩ ነበር። መጀመሪያ ኪስህን አራግፍ፣ ከዚያ ስለ ጥበብ ታወራልኛለህ።»

በቢሳና በጉሩንሲ ብሔረሰቦች መካከል መቀያየም ነውር ነው። መሰዳደብ ግን ግዴታ ነው፤ ጉሩንሲ በውሻ በሊታነት፣ ቢሳ በኦቾሎኒ ወዳድነት ይሰደባል። ከጥንት ጀምሮ የቀልድ ዘመዳሞች ናቸው። ገበያ ውስጥ ቢገናኙ፣ ፍርድ ቤት ቢገናኙ፣ ለቅሶ ላይ ቢገናኙ ሳይተራረቡ አያልፉም። አንዱ የሚለውን ሌላው ከቁም ነገር አይቆጥርበትም። ሁለቱ በዚያ ቀን የጀመሩት ይኸው ነው፤ እስከ መጨረሻውም አልተላቀቃቸውም።

ክሌማንስ ከዚያ በኋላ ቅዳሜ አልቀረችም። ለራሷ የምትነግረው ምክንያት ፊልም ነበር።

የእሷ ፊልም «ባቡሩ አልቆመም» ነው። አንዲት ሴት በአቢጃን ባቡር ስትሄድ የሚወዳት ሰው ትንሽ ጣቢያ ላይ ቆሞ ይጠብቃታል። ባቡሩ ግን እዚያ አይቆምም። በመስኮት ታየዋለች፣ ያያታል፣ አለቀ።

«ይቺ ሴትዮ እኮ ፈሪ ናት» ይላል ሱማይላ። «ከራሷ በላይ የአደጋ ፍሬን ተንጠልጥሏል። ለምን አትስበውም?»

«ስባው ብትወርድ ምን ይሆናል? ተቃቅፈው ያለቅሳሉ፣ ሙዚቃ ይገባል፣ እኔ ወንበሬን ይዤ እወጣለሁ።»

«ጉሩንሲ ምን አንጀት አለው! ቤቱን የጠበቀለትን ውሻ የሚያርድ ሰው—»

«አንተ ዝም በል። ጉድጓድ ሲቆፈር ማየት ካማረኝ የመንገድ ሠራተኞች አጠገብ እቆማለሁ፤ እነሱ ቢያንስ ምሳ ሰዓት ላይ ያርፋሉ።»

ሱማይላ ሬዲዮ ጣቢያ ውስጥ ድምፅ ቀጂ ነው። ፊልም የሚያየው በጆሮው ነው። «የሳልፎ ጉድጓድ» መጨረሻ ላይ ዓይኑን እንደሚጨፍን አንድ ቀን ነገራት። «ቆፋሪው ሳልፎ ሲደክመው ዶማው ከአፈሩ ይልቅ ድንጋዩን መምታት ይጀምራል። ድምፁ ይቀጥናል። መሞቱን ካሜራው ከማሳየቱ በፊት ታውቂዋለሽ» አላት። የዚያን ዕለት ስድብ ጠፋባት። ቤቷ ገብታ ፊልሙን ከፈተችና ዓይኗን ጨፍና ሰማችው። ለእሱ ግን አልነገረችውም። ለምን ትነግረዋለች?

ሰዎች እነሱን ለመስማት መምጣት ጀመሩ። ጋሽ ኡማሩ የማሽላ ዱቄት በጥብጠው ያቀርባሉ፤ ሱማይላም በየቅዳሜው መዝጊያ ላይ ይነሣና «ወገኖቼ፣ ይቺን ልጅ አግብቼ ከውሻ ሥጋ አስጥላታለሁ፤ ምስክር ሁኑኝ» ይላል። ሰው ያጨበጭባል። እሷም ትሳደባለች።

አንድ ቅዳሜ ሞተር ሳይክሏ ድረስ ሸኛት። ማንም አጠገባቸው አልነበረም። ቁልፉን ከእጇ ተቀብሎ አገላበጠው።

«ክሌማንስ።»

«እ?»

«ላግባሽ?»

እየሳቀ ነበር። አፉ ይስቃል፤ ዓይኑን ግን እሷ አላየችውም፤ ቁልፉን ነበር የምታየው። ቀልድ ከሆነና የምሯን ብትመልስ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ግቢው ሁሉ ሲስቅባት ታያት።

«ለጥሎሽ ስንት ጆንያ ኦቾሎኒ ትጥላለህ?» አለችው።

«የመንደሩን ሁሉ» አለና ቁልፉን መለሰላት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣም። ከዚያ በኋላ ባለውም አልመጣም። ክሌማንስ ተናደደች። አንድ ሰው ቀልዶ ይኮርፋል? ደወለችለት።

«ሞትክ እንዴ?»

«ገና ነኝ» አለ። ድምፁ ከሩቅ ይመጣል። «ውሻውን አትረጂው፣ ይቆይ።»

«ሰው ያለ ተከራካሪ ለ‹ባቡሩ አልቆመም› ዘውድ ሊጭንለት ነው። ፈርተህ ነው የቀረኸው?»

«አዎ» አለ። «ፈርቼ ነው።»

ሳቀችና ዘጋች። ያ «አዎ» ግን ከጆሮዋ አልወጣ አለ። ነጋ መሸ ስታወጣ ስታወርደው ሰነበተችና ወደ ጋሽ ኡማሩ ሄደች።

«ሆስፒታል ነው እኮ» አሉ ጋሽ ኡማሩ። «ከልጅነቱ የደም በሽታ አለበት። ሲነሣበት አጥንት አጥንቱን ነው የሚለው። እንዲህ ተቀራርባችሁ... አልነገረሽም?»

«እኛ ቁም ነገር አናወራም» አለች።

የሆስፒታሉ ክፍል ሞልቷል። እናቱ እማማ ራማታ እግሩ ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ገና ስሟን ሲሰሙ ጣታቸውን ቀሰሩባት።

«ያቺ ጉሩንሲ አንቺ ነሽ? ልጄ አጥንት ብቻ ቀርቶታል፤ የሚጋጥ ፈልገሽ ከሆነ ቀድመውሻል።»

ክሌማንስ በመንገድ ላይ ስታጠና የመጣችው ንግግር ነበራት። ከአፏ የወጣው ሌላ ሆነ። «አጥንትማ የምንወደው እኛ ነን፣ እማማ። ይስጡኝና ልሂድ።»

አሮጊቷ እስኪያስላቸው ሳቁ። ቀኑን ሙሉ ያልሳቁ ሴት መሆናቸው ያስታውቃል። የጸሎት ሰዓት ሲደርስ ውሃቸውን ይዘው ወጡ።

ሱማይላ ዓይኑን ገለጠ። ነጩ ቢጫ ሆኗል።

«ያን ዕለት የምሬን ነበር የጠየቅኩሽ» አለ።

«መስሎኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ሳቅሽ?»

«አንተ ለምን እየሳቅክ ጠየቅከኝ?»

እጁን በጥንቃቄ ያዘችው፤ የት የት እንደሚያመው አታውቅም።

«እንደ እኔ ዓይነት በሽተኛ ማግባት ጥሩ አይደለም» አለ። «ሊያስቸግርሽ ይችላል። ስለዚህ ነው በሳቅ ያደረግኩት። እምቢ ካልሽ ሁለታችንም እንድንስቅ።»

«እምቢ አላልኩም። ጆንያ ነው የጠየቅኩት።»

«ክሌማንስ...»

«እሺ። እሺ ነው ያልኩት። የምሬን ነው። ሌላ ምን ልበል?»

ብዙ ሰዓት የተሸከመውን ነገር እንዳስቀመጠ ሰው ተነፈሰ።

«ከሚመጣው በዓል በኋላ ሬዮ ከተማ አባትሽ ጋ ሽማግሌ እልካለሁ። ለእናቴ ራሴ እነግራታለሁ፤ አንቺ ለማንም አትናገሪ። ግን የቢሳ ሽማግሌ የማጫውን የኮላ ፍሬ ይዞ ጉሩንሲ ቤት ቢገባ ማን ያምነዋል? አባትሽ ይስቃል።»

«ይሣቅ። ስቆ ሲጨርስ ኮላውን ይቀበላል።»

«ደግሞ አንድ ነገር ልንገርህ» አለችው ልትሄድ ስትነሣ። «‹የሳልፎ ጉድጓድ›ን ዓይኔን ጨፍኜ አየሁት።»

«እና?»

«ግቢው ውስጥ ብትናገር እክዳለሁ። ግን አለቀስኩ።»

እንደዚያ ሲደሰት አይታው አታውቅም።

ሱማይላ ለበዓሉ አልደረሰም። ጋሽ ኡማሩ የደወሉላት ክፍል ውስጥ እያስተማረች ሳለ ነው። ሰሌዳው ላይ ወንዝ እየሳለች ነበር። ስልኩን ዘጋችና ወንዙን ሥላ ጨረሰች፤ እጇ ሌላ የሚሠራው ነገር አላገኘም። ከዚያ ተማሪዎቹን «ቅዱት» ብላ ወጣች።

የሱማይላ ቤት ደጃፍ በሰው ሞልቷል። የፊልሙ ሰዎች ከጋሽ ኡማሩ ጋር በአንድ በኩል ቆመዋል። ሴቶቹ ግቢው ውስጥ ምንጣፍ ላይ ናቸው። እሷ የት ትቁም? እጮኛ አይደለችም፤ ማንም አያውቅም። ጎረቤት አይደለችም። አጎቱ አዩዋትና ዓይናቸውን ጠርገው ወደ እሷ መጡ።

«ውሻ በሊታዋ መጣች» አሉ ለሰው ሁሉ በሚሰማ ድምፅ። ቀጥሎ ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ ሐዘኑ በጣም ከብዶናል። እባክሽ ሥራሽን ሥሪ።»

ሥራዋን ታውቃለች። የቀልድ ዘመድ ለቅሶ ላይ አያለቅስም። ሟቹን ይሳደባል፣ አነጋገሩን ያስመስላል፣ ቤተሰቡ ትንሽ እንዲተነፍስ ያደርጋል። ይህን እምቢ ማለት ሟቹን እንደ ባዕድ መቁጠር ነው።

ክሌማንስ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ መሐል ቆመች። አንገቷን እንደ እሱ አሰገገች፤ እጆቿን በአየር ላይ አወራጨች።

«ወገኖቼ፣ ሞት ማለት የእኔ ነው። ከእኔ በፊት የሞተው ሁሉ ልምምድ፣ ከእኔ በኋላ የሚሞተው ሁሉ ኩረጃ ነው።»

የፊልሙ ሰዎች ሳቅ አመለጣቸው። ከመካከላቸው አንዱ ፊቱን በኮፍያው ሸፈነ።

«ዓይናችሁን ጨፍኑ። ዶማው ይሰማችኋል? ለእኔ እኮ ነው የሚቆፍሩት። እነዚህ ቆፋሪዎች ግን ስሜት የላቸውም፤ ሳልፎ ቢሆን...»

ግቢው ሁሉ ሳቀ። አጎትየው ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ። ሥራዋን ሠርታለች። ነገሩ እዚያ ሊያበቃ ይችል ነበር። ወንዶቹ ቃሬዛውን አነሡና ወደ በሩ መጡ፤ ያኔ ክሌማንስ የበሩ ደፍ ላይ ጋደም አለችና መንገዱን ዘጋችባቸው።

ይህም ልማድ ነው። ሰዉ ገና ፈገግ እንዳለ ነው።

«አይወጣም» አለች። «ይህ ሰው ሊያገባኝ ቃል ሰጥቶኛል። ባሌን የት ነው የምትወስዱት?»

ሳቁ ከቅድሙ በለጠ። የቢሳ ሬሳ ሲወጣ የጉሩንሲ ሴት እንዲህ ብላ ያልተከራከረችበት ጊዜ የለም። አጎትየው እንደ ወጉ ሳንቲም ወረወሩላት። ሳንቲሞቹ ደረቷ ላይ ወድቀው ተንከባለሉ። አላነሣቻቸውም።

«አንሷት፣ በቃ፣ ታዋቂ ሌባ ናት» አለ አንዱ እየሳቀ።

«አንሥታችሁ ሞክሩ» አለች። «ሬዮ ሽማግሌ ልኮ፣ ኮላ አቅርቦ ነው የሚሄደው። ቃል ሰጥቶኛል። ሆስፒታል፣ እጁን ይዤ። እሺ ብዬዋለሁ።»

ተሸካሚዎቹ ቃሬዛውን እንደያዙ ቆሙ። ሳቁ በመጀመሪያ ከፊት፣ ቀጥሎ ከኋላ እየደከመ መጣ። ጥቂት ሰዎች የሚቀጥለውን ስድብ ጠበቁ። አልመጣም።

እማማ ራማታ ከምንጣፉ ተነሡ። ማንም አልከለከላቸውም። መጥተው ደፉ ላይ፣ አጠገቧ፣ አፈሩ ላይ ተቀመጡ።

«በመጨረሻው ቀን ‹እናቴ፣ ሬዮ ሽማግሌ ትልኪልኛለሽ› ብሎኝ ነበር» አሉ። «ጉሩንሲ ቤት? ብዬ ሳቅኩበት። ትኩሳቱ ነው ብዬ... ልጄ የምሩን እየነገረኝ ሳቅኩበት።»

«እኔም ስቄበታለሁ፣ እማማ» አለች ክሌማንስ።

አሮጊቷ ፊቷ ላይ የተጣበቀውን አቧራ በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉላት። ከዚያ ጮክ ብለው፣ አጎትየውም ወንዶቹም እንዲሰሙ፣

«ተነሺ ምራቴ። አሁን ይሂድ» አሉ።

ተነሣች። ቃሬዛው በአጠገቧ አለፈ። በነጭ የተጠቀለለው እግሩ ልብሷን ነካ አደረገው፤ ወንዶቹ ተከተሉት፤ ደጃፉ ባዶ ሆነ። ምንጣፉ ላይ ያሉት ሴቶች ተጠጋግተው ከእናቱ ጎን ቦታ ለቀቁላት፤ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ ማንም እንድታሥቅ አልጠየቃትም።