የግራ ጎማው ኩሽኔታ

ባለ ጋራዡ የሞተው ዕድሜ ልኩን ሲጠግነው በኖረው ፒካፕ ውስጥ ነው። ቁልቁለቱ ላይ የግራ የፊት ጎማው ተነቅሎ ለብቻው ተንከባሎ ሄደ፤ መኪናው ከነሰውየው ገደል ገባ። መርማሪዋ ስትደርስ የተጨማደደው ፒካፕ ተጎትቶ በሟቹ ጋራዥ መሃል ቆሟል፤ የሟቹ ታናሽ ወንድም ደግሞ ከማልቀስ ይልቅ ጣቱን ቀስሯል።

«ገዳይ ፍለጋ አትድከሚ። ይቻትና!» አለ ወደ ሟቹ ልጅ እያመለከተ። «በዋዜማው የፍሬን ሸራ እቀይራለሁ ብላ ያንን ጎማ የፈታችው እሷ ናት። ወንድሜን የበላው የእሷ እጅ ነው።»

ልጅቷ ቱታዋን እንደለበሰች አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጣ መዳፎቿን ታገላብጣለች። ምላሷ ምላጭ ነው እየተባለች የምትታማ ልጅ፣ ያን ቀን ምላጩን ወደ ራሷ አዞረች። «ምናልባት አላጠበቅኩት ይሆናል» አለች። ይህን ጣቢያ ሄዳ ብትደግመው እንደምትታሰር መርማሪዋ ገባት። ልጅቷን ግን የበላት እስሩ አልነበረም። አባቴን ገድዬው ይሆን የሚለው ነው።

«ለማልቀስ ጊዜ አለሽ፤ አሁን አፍሽን ያዢ» አለቻት መርማሪዋ። ርኅራኄ አታበዛም።

ከተነቀለው ጎማ አጠገብ ተንበረከከች። ጎማውን የሚያሽከረክረው ኩሽኔታ ደቅቋል፤ ግሪስ የሚባል የለውም፤ ዝገት በልቶታል። ኩሽኔታው የሚቀመጥበትን ዘንግ በጨርቅ ወለወለችው። አንድ ሁለት ትኩስ ጭረት አለበት እንጂ እንደ መስታወት ያበራል። ከዚያ ቤተሰቡንና የጋራዡን ሠራተኛ አንድ በአንድ እየጠራች አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፦ መኪናው ድሮ እንዴት ይጮህ ነበር?

«ግርርርር! ልክ እንደ ወፍጮ» አለች የሟቹ ሚስት፣ አፍንጫዋን እየጠረገች። «ጆሮዬን ይበላኝ ነበር። ታዲያ ጭቃ ላይ አራቱም ጎማ እንዲጎትት ፎር ዊል ሲያስገባው ጭጭ! ምነው ሁልጊዜ እንዲህ ብትነዳው ስለው ይስቅብኛል።»

በቅጥነቱ ሽቦ የሚሉት የጋራዡ ኤሌክትሪሺያን ትከሻውን ነቀነቀ። «እኔ ሬዲዮ ከፍቼ ነው የምነዳው። ግን ልንገርሽ፣ ጋሼ ጋራዡን ለልጃቸው ሊያስረክቡ ነበር። ወንድምየው ሲሰማ መዶሻውን ግድግዳ ላይ ለቀቀው። ‹እኔ ነኝ ከሴት ልጅ ትእዛዝ የምቀበል?› እያለ።»

ወንድምየው ሳይጠየቅ ጀመረ። «ግጭ፣ ግጭ፣ ግጭ! ወደ ቀኝ ሲታጠፍና ጭነቱ ግራ ላይ ሲያርፍ ይብሳል። ፎር ዊል ገባ አልገባ ለውጥ የለውም። የግራው ኩሽኔታ ነው። ስንት ወር ሰማሁት መሰለሽ!»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«በዚህ ሥራ ነው ያረጀሁት፣ ሴትዮ።»

የመጨረሻዋ ልጅቷ ናት።

«የቀኙ ማያያዣ ነው» አለች። «ጎማውን ከፊተኛው ዘንግ ጋር የሚያናክስ ጥርስ አለ። ፎር ዊል ሲወጣ መልቀቅ ሲገባው ግማሹ ነክሶ ይቀራል፤ እሱ ነው የሚፈጨው። ሲገባ ሙሉ ይነክስና ዝም ይላል። ለአባቴ ‹ይጮሃል እንጂ አይገድልም፤ ዕቃው እስኪመጣ ንዳው› አልኩት።»

«ለአጎትሽስ?»

«መቼ ጠይቆኝ ያውቃልና! እኔ ደግሞ ሳልጠየቅ አልለፈልፍም።» ለመጀመሪያ ጊዜ አገጯ ቀና አለ።

መርማሪዋ ሁሉንም ፒካፑ ዙሪያ አቆመቻቸው።

«ከልጅቷ እንነሳ። ያጠበቀቻቸው የጎማ ብሎኖች እነኚሁና፣ አንድም አልጎደለም። ጎማው የወጣው ብሎኖቹ ከታሰሩበት ማቀፊያ ጋር ነው። የለቀቀው ከውስጥ ኩሽኔታውን አጥብቆ የሚይዘው ዳዶ ነው፤ ሸራ ሊቀይር የመጣ ሰው እሱን አይነካውም።»

ልጅቷ መዳፎቿን ማገላበጧን ተወች።

«ቀጥሎ ኩሽኔታው። እንዲህ የደቀቀ ነገር ወራት ሙሉ ቢሽከረከር ዘንጉን ያጠቁረዋል፣ ይበላዋል። ይህ ግን ያበራል። ስለዚህ ይህ የኩሽኔታ ሬሳ እዚህ የገባው ለመጨረሻው ጉዞ ብቻ ነው። የድሮውም ጩኸት ከእሱ አልነበረም፤ እትዬ እንዳሉት ፎር ዊል ሲገባ ዝም ይል ነበር፤ የኩሽኔታ ጩኸት በፎር ዊል አይቆምም።» ወደ ወንድምየው ዞረች። አንቱታው ቀረ። «አንተ ግን ስንት ወር ሰማሁት ያልከኝ የዚህን ኩሽኔታ ድምፅ ነው። እዚህ ያልነበረን ኩሽኔታ ድምፅ እንዲህ ዘርዝሮ የሚያውቀው የገጠመው ሰው ብቻ ነው።»

«ድምፅ ማስረጃ ሆነ?» ሊስቅ ሞከረ።

«የድሮውን ጩኸት የግራው ኩሽኔታ በሽታ ነው ብለህ ገምተህ ተሳሳትክ። ከተጣለ ብረት መሃል የሞተ ኩሽኔታ መርጠህ ገጠምክ፣ ዳዶውን አላላህ። ያ ኩሽኔታ ሲገኝ ሰው ‹ድሮም ይጮህ ነበር› ይላል ብለህ ነው፤ አላምን ያለ ደግሞ ጎማ የፈታችው ልጅ አለችለት።»

የሟቹ ሚስት ፒካፑን ተደግፋ ቁጭ አለች። ሽቦ በሩን ዘጋና ቆመበት። ወንድምየው ዙሪያውን አየ፤ ሲጨንቀው ፊቱን ወደ ልጅቷ መለሰ።

«እሺ፣ እኔ ነኝ! ግን ድምፁን እየሰማ ለምን አልቆመም? ‹አይገድልም› ስላልሽው ነዋ! አንቺን አምኖ ነው ገደል የገባው!»

ልጅቷ መርማሪዋን አየቻት። «እውነት ነው?»

ሌላ ሰው ቢሆን «አይደለም» ይላት ነበር። «ሳይሆን አይቀርም» አለች መርማሪዋ።

ልጅቷ ተነሳች። ቁልፍ አነሳች፣ ወደ ቀኙ ጎማ ሄዳ ማያያዣውን ፈታች። የተበላውን ጥርስ አውጥታ በቱታዋ ጠረገችውና አጎቷ ዓይን ሥር አስጠጋችው።

«ይኸው፣ አጎቴ፣ እሱ ነበር። አንድ ቀን ዝቅ ብለህ ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር፤ ድምፁን አትሳሳትም፣ ማንም አይነቃብህም ነበር።»