ከዋይሮና የመጣው የድንጋይ ዝንብ

«ፑሻፕ ጀመረልሽ!» አለ ዴስ፣ ወንዙ መሃል ጉልበቱ ድረስ ቆሞ፣ የማርማላታውን ጠርሙስ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ።

ናይሪ እየተንገዳገደች ደረሰችበት። እውነቱን ነው፤ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው የድንጋይ ዝንብ እጭ በስድስት እግሩ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይላል። አየር ሲያጥረው እንዲህ ነው። ዴስ በጃኬቱ ውስጥ ስለያዘው ውሃው ሞቆበታል።

«ብብትህ ውስጥ ነው የከተትከው? አንተን ብሎ ተሸካሚ!»

አሮጌውን ውሃ ደፍታ አጥንት የሚሰብረውን የወንዝ ውሃ ቀዳችለት። እጩ ጸጥ አለ። ከዚያ ወንዙ ላይ የዘረጉትን ገመድ ይዘው፣ ጎርፉ እየገፋቸው፣ ማዶ ወጥተው ድንጋይ ላይ ተዘረሩ።

ሦስት ቀን ሙሉ ዝናብ። ዳቦው አልቋል። ይህ ሁሉ መከራ ጥፍር ለማታህል ፍጥረት ነው። ሰኞ ጠዋት የዋይሮና ጅረት ይገደብ አይገደብ በከተማው አዳራሽ ይወሰናል። ግድቡን የሚሠራው ኩባንያ ባለሙያ «እዚያ ያለው የትም የሚገኘው የድንጋይ ዝንብ ነው» ብሎ ጽፏል። ናይሪ ደግሞ አይደለም፣ ከዚህ ጅረት በቀር የትም የሌለ ዝርያ ነው ባይ ናት፤ ይህ ከተረጋገጠ ግድቡ ይቀራል። ችግሩ፣ እጮቹ ሁሉ አንድ ይመስላሉ፤ ዝርያቸው የሚለየው ባደገው ወንድ ነው፣ እሱም ሆዱ ጫፍ ላይ ባለች ብናኝ በምታህል መንጠቆ።

ከሦስት ዓመት በፊት ወንዱን አግኝታው ነበር። ሄሊኮፕተር እየጠበቃት፣ ድካምም ጥሏት፣ ቆዳውን ገና እንደጣለ፣ እንዳይበሰብስ ብላ አልኮል ውስጥ ነከረችው። ተጨማደደና መንጠቆው የማይነበብ ሆነ። ሙዚየም ሠላሳ ዓመት የሠራች ሴት! እስከ ዛሬ ያንገበግባታል። ይሄ እጭ ያን ጊዜ እንቁላል ነበር፤ ለማደግ ሦስት ዓመት ይፈጅበታል።

ቅዳሜ ጠዋት፣ የአዳኞች ጎጆ ውስጥ፣ እጩ ባቆሙለት እንጨት ላይ ከውሃው ወጣ። ጀርባው ተሰነጠቀና ከውስጡ ነጭ፣ እርጥብ ነገር ተስቦ ወጣ። ናይሪ ማጉያ መነጽሯን አስጠጋች።

«ወንድ ነው?»

«ወንድ ነው፣ ዴስ!»

«እሰይ! በይ ንከሪውና እንሂድ፤ የታችኛው ወንዝ እየሞላ ነው።»

«ገና ለስላሳ ነው። እስኪጠነክርና እስኪጠቁር እንጠብቅ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ የምንበላው የለንም እኮ!»

«ያኔም ቸኩዬ ነው የገደልኩት። ሁለተኛ አልችልም።»

ዴስ የሟች ባሏ ወንድም ነው፤ ዕድሜውን አጋዘን ሲያሳድድ የኖረ የስልሳ ስድስት ዓመት ነጭናጫ። ወደ ወንዙ አየ፣ ወደ እሷ አየ፣ ጫማውን መልሶ አወለቀ።

ዝንቡ እስኪጠቁር ቀትር አለፈ፤ ናይሪ ግን መንጠቆው እስከ ነገ በደንብ ይጠንክር ብላ አልነከረችውም። ወንዙም ዛፍ እያንከባለለ ሞልቶ መሻገሪያ ጠፋ። የቀረው በሁለቱ ተራሮች መሃል ባለው በረዷማ ኮርቻ መዞር ነው፤ ሁለት ቀን ያስኬዳል።

እሑድ ኮርቻው ላይ ናይሪ ልትነክረው አልኮሉን ስታወጣ ኪያዎቹ መጡ። እነዚያ የተራራ በቀቀኖች፣ ሌብነት ጨዋታቸው ነው። አንዱ ቦርሳውን ሲቀድ ሌላው የአልኮሉን ብልቃጥ ከእጇ መንጭቆ ወደ ገደሉ ከነፈ።

«ሌባ! የአባትህ ነው?» ዴስ ሮጠ፣ ተንሸራተተ፣ ጉልበቱ ተጠመዘዘ። ብልቃጡ ከወፉ ምንቃር አምልጦ ገደሉ ግርጌ ተሰበረ።

«አሁን በምን ልትነክሪው ነው?» አለ፣ በረዶው ላይ እንደተቀመጠ።

«ከነነፍሱ ይዤው እገባለሁ።»

«እንግዲያው እኔን ተይኝና ሂጂ።»

«ዝም በል፣ ዋርሳዬ። ተነስ፣ ተደገፈኝ።»

ተደጋግፈው ወረዱ። ናይሪ ዝንቡን እርጥብ ሳር ካነጠፈችበት ጠርሙስ ጋር ከጃኬቷ ውጭ ደረቷ ላይ አሰረችው፤ ሳሩ ሲደርቅ ከምትጠጣው ታርስለታለች። በየመቶ እርምጃው ቆማ ታየዋለች፤ ቀንዶቹን ሲያንቀሳቅስ «አለህ?» ትለዋለች። ማንንም እንዲህ አናግራ አታውቅም።

ሰኞ ጠዋት ጭቃ እንደለበሱ አዳራሹ ገቡ። ሮድሪክ የተባለው የኩባንያው ባለሙያ ማጉያው ላይ አጎነበሰ። ብዙ ቆየ። ቀና ሲል ፊቱ ቀልቷል።

«ተሳስቻለሁ» አለ ለሁሉም እንዲሰማ። «ይህን መንጠቆ አላውቀውም። ግድቡ ይቁም።»

ዴስ ወንበር ላይ ወደቀና እያለቀሰ ሳቀ።

ሮድሪክ ከቦርሳው ብልቃጥ አወጣ። «እንኩ፣ አልኮል። አካሉ ተነክሮ ካልተቀመጠ ለዝርያው ስም አይሰጠውም፤ እርስዎም ያውቃሉ።»

«አውቃለሁ» አለች ናይሪ። ብልቃጡን ተቀበለችው። ዝንቡ ከጠርሙሱ ወጥቶ አውራ ጣቷ ላይ ቀስ እያለ ይሄዳል። ክዳኑን ያዘች፤ አልከፈተችውም።

«ጠቁሯል እኮ» አለ ዴስ ዝግ ብሎ። «አሁን ደግሞ ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ምንም። ትንሽ ይቆይ ብዬ ነው።»