በካሱ ስም የተነሳው ደረት

ካሱ ከላንቴ ማዶ ካለው ድንጋይ መፍጫ አጠገብ በጀርባው ወድቆ ሞቷል። ቅንድቡ ሳይቀር በአቧራ ነጥቷል። ማሽኑ ግን አልቆመም። ሰው ሞቶ ድንጋይ ይፈጫል!

ገዳዩ ወዲያው ተገኘ ተባለ። የሥራ ባልደረባው ዘካሪያስ በጠብ መሃል ደረቱን ሲገፋው ሰው ሁሉ አይቷል።

ኢንስፔክተር ሳባ ሲቀላ ፖሊስ ጣቢያ አስቀርባ ጠየቀችው።

«ለምን ገፋኸው?»

«ሥራውን እንተው፣ አቧራው ይጨርሰናል አለኝ። ልጆቼን ምን ላብላ ብዬ ተናደድኩ።»

«በምን መታኸው?»

«አልመታሁም፤ በእጄ ገፋሁ። ትንፋሽ አጥቶ ቀረ።» ይህን ሲል እሱንም ሳል አፈነው።

የመፍጫው ሥራ አስኪያጅ አቶ በዛብህ ቀኝ ትከሻቸውን ዘመም አድርገው ማስረጃ ይዘው መጡ። ድርጅቱ በራሱ ክሊኒክ ያስነሳው የሠራተኞች ዲጂታል ራጅ ነው። በምስሉ ላይ የካሱ ሳንባ ንጹሕ ነው።

«ጤነኛ ሰው ነው የገደለው» አሉ።

ሬሳው ሳይመረመር ተቀብሯል። በዚህ ምስል ብቻ ዘካሪያስ ነፍሰ ገዳይ ሊባል ነው።

የካሱ ሚስት ሻሺቱ ጣቢያ መጣች። ባሏ መተንፈስ አቅቶት ተቀምጦ ያነጋ እንደነበር ተናገረች። ሳባ ግራ ገብቷት ምስሉን በኮምፒውተር ከፈተችላት።

«መስቀሉስ?» አለች ሻሺቱ።

«የቱ መስቀል?»

«የማተቡ ነዋ፣ እህቴ! አውልቅ ቢሉት ማተቤን ከምበጥስ ራጁ ይቅር አላቸው። የብረት መስቀሉን እንዳሰረ አነሱት። ቤት ገብቶ በኩራት ነግሮኛል።»

ብረት በራጅ ላይ ደምቆ ይወጣል። እዚህ ምስል ላይ ግን ምንም የለም።

የሳባ ደም ፈላ። የሠራተኞቹን ምስል በሙሉ ሰብስባ ሆስፒታል ለዶክተር ሉሊት ወሰደች።

«ሁሉም የአንድ ሰው ደረት ነው» አለች ሉሊት። «የተለያየው ስሙ ብቻ ነው። ይኸው፣ በቀኝ በኩል ከአንገቱ ሥር ያለው አጥንት ተሰብሮ ጠማማ ሆኖ ገጥሟል።»

ሳባ በቀጥታ መፍጫው ቢሮ ገባች።

«አቶ በዛብህ፣ ቀኝ ትከሻዎ ለምን ዘመመ?»

«ድሮ ከሞተር ሳይክል ወድቄ ነው። ምን አገናኘው?»

«ሸሚዝህን አውልቅ!»

አንተ መባሉን ሰውየው አልተቃወመም። ሆስፒታል ራጅ ሲነሳ ያው ጠማማ አጥንት ወጣ። ቢሮው ውስጥ መስኮት ዘግቶ የሚውል ሰው ደረት ነው፣ ለምን አይጠራም? የካሱ እውነተኛ ምስልም ከክሊኒኩ ማሽን ተገኘ። መስቀሉ አለ። ዙሪያውን ሳንባው በነጫጭ ነጠብጣብ ተሞልቷል።

«ለምን?» አለች ሳባ።

«የእነሱ ምስል ቢታይ መፍጫው ይዘጋ ነበር። ለሚሠራው መንገድ ጠጠሩ ካልደረሰ የምባረረው እኔ ነኝ።»

«ውኃ ብታስረጭ አቧራው አይነሳም ነበር!»

«ውኃ ሥራ ያዘገያል።»

በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይኸው ነው። የካሱን መታመም እያወቀ አቧራ ሲያስውጠው ከረመ፤ ከዚያም ሞቱን በሌላ ምስኪን ላይ ጫነ።

ዘካሪያስ ተፈታ። ሳባ ራሷ ሆስፒታል ወስዳ ራጅ አስነሳችው።

«ይሄ ነጩ ምንድን ነው?» አለ ምስሉን እያየ።

ሉሊት የአቧራ በሽታ መሆኑን ነገረችው። የሚያድን መድኃኒት እንደሌለውም አልደበቀችውም።

ዘካሪያስ ወደ ሳባ ዞረ።

«ኢንስፔክተር፣ የበዛብህን ክስ ጨርሰዋል?»

«እየጻፍኩ ነው።»

«እንግዲያው ሟች ካሱ ብቻ ነው አይበሉ። እኔንም ይጨምሩኝ።»