ደረት ላይ ያረፈው ቡጢ

«አልነካነውም!» አሉ ሦስቱም ሐኪሞች በአንድ አፍ።

መርማሪዋ ሬሳው አጠገብ ተንበረከከች። ሟቹ የቆመ ልብ እንዴት እንደሚቀሰቀስ አንጋፋ ሐኪሞችን የሚያሠለጥን ሰው ነበር። አሁን የራሱ ጭንቅላት በኦክስጅን ሲሊንደር ተፈርክሷል፤ ደሙ የመለማመጃውን አሻንጉሊት ፊት ሳይቀር ነክሮታል። ሸሚዙ ተቀዷል። ደረቱ መሐል ላይ ቡጢ የሚያህል ቦታ በልዟል።

በምሳ ሰዓት ማሠልጠኛው ውስጥ የቀሩት ሦስቱ ብቻ ነበሩ። ማደንዘዣ ሐኪሟ፣ የሟች ሚስት፣ በሚቀጥለው ክፍል ጋደም ብላ ነበር። የሕፃናት ሐኪሙ ኮሪደሩ ዳር ስልክ ያወራ ነበር። ሟቹን በተማሪነቱ ቢላዋ አያያዝ ያስተማሩት ሽማግሌው ቀዶ ሐኪም ደግሞ ሽንት ቤት ነበርኩ ባይ ናቸው።

«ጠብ ነበር?»

«ጠብ እንኳ አይባልም» አለ የሕፃናት ሐኪሙ። «ጠዋት ጋሼን በፈተና ጣላቸው። ካላለፉ ደግሞ ቀዶ ጥገና ክፍል አይገቡም።»

«እኔ እኮ አባቱ ማለት ነኝ!» አሉ ሽማግሌው ዐይናቸውን በጨው ታጥበው። «በፈተና ወደቅሁ ብዬ ልጄን እገድላለሁ?»

መርማሪዋ አሻንጉሊቱን ወለሉ ላይ አስተኛችው። «በሉ፣ ይሄ ሰው ልቡ ቆሟል። ተራ በተራ አድኑት።»

«ባሌ ሞቶ ትቀልጃለሽ?» አለች ሚስቱ።

«ቀልድ አይደለም፣ እህቴ። ፍጠኑ! እየሞተ ነው!»

ሚስቱ እንባዋን በክንዷ ጠርጋ የአሻንጉሊቱን ደረት ትጫን ጀመር። የሕፃናት ሐኪሙም እንደዚያው አደረገ። ሽማግሌው ግን ገና ከመንበርከካቸው ክንዳቸውን አንሥተው ደረቱን በቡጢ ነረቱት። ዕድሜ ልኩን የለመደ እጅ ጌታውን አያማክርም።

«ጋሼ!» አለ የሕፃናት ሐኪሙ። «ጠዋት የጣለዎት በዚሁ አይደል? ልብን በቡጢ መቀስቀስ እኮ ድሮ ቀርቷል!»

የሁሉም ዐይን ወደ ሬሳው ደረት ዞረ።

«ገዳዩ መትቶ አልሸሸም» አለች መርማሪዋ። «ሌላ ሰው ቢሆን እግሬ አውጪኝ ይል ነበር። ይሄ ግን ደነገጠ፤ ሸሚዙን ቀዶ ሊያድነው ታገለ። ስለዚህ ሐኪም ነው። ሦስታችሁም አልነካነውም አላችሁ፤ ሊያድን ሞክሮ የሚክድ ደግሞ የገደለ ብቻ ነው። ከመሐላችሁ ማን በቡጢ እንደሚጀምር አሁን አያችሁ።»

ሽማግሌው ወለሉ ላይ ተዘረፈጡ። «እንዲያሳልፈኝ ለመንኩት። በገዛ ተማሪዬ ተዋረድኩ። ሲሊንደሩን እንዴት እንዳነሣሁት አላውቅም። ወዲያው ግን ላድነው ሞከርኩ። ሞቶብኝ ነው ትቼው የወጣሁት።»

«አልሞተም ነበር» አለች መርማሪዋ። «ሬሳ እንዲህ አይበልዝም። ቡጢው ሲያርፍበት ደሙ ገና ይዘዋወር ነበር።»

ሚስቱ እንደ አራስ ነብር ዘላ ኮሌታቸውን አነቀች።

«ግድግዳው ማዶ ነበርኩ፣ ጋሼ! አንድ ግድግዳ! ለምን አልጠሩኝም?»

ሽማግሌው አልታገሏትም።

«ምን ብዬ ልጥራሽ?» አሉ።