የሃምሳ አለቃ ቢተው ቀኝ ጆሮ

ኢምፔሪያል መንገድ ዳር ባለው አሮጌ ፎቅ፣ የጦር ጉዳተኞች ጉዳይ የሚታየው ሦስተኛው ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱ ከተበላሸ ዓመት አልፎታል። ጉዳተኛን ሦስት ፎቅ ውጣ የሚል ቢሮ ማን እንዳሰበው እንጃ፤ ብቻ ሃምሳ አለቃ ቢተው በዚያ ደረጃ ስድስት ዓመት ተመላልሶ፣ ዛሬ ጠዋት ከሥሩ ሞቶ ተገኘ።

ኢንስፔክተር ትግስት ስሟን የምትመስል ሴት አይደለችም። የጠራትን ፖሊስ ሰላም እንኳ ሳትል አስከሬኑ አጠገብ ተንበረከከች። ሰማዩ ጠቁሯል፤ የደረጃው አምፖልም ተቃጥሏል። ውጭ የታክሲ ረዳቶች «ገርጂ! ገርጂ!» እያሉ ይጮሃሉ። የሟቹ የጆሮ ማዳመጫ አንደኛው ጫፍ ቀኝ ጆሮው ውስጥ ተሰክቷል፤ ሌላኛው ደረቱ ላይ ወድቋል። ከስልኩ የሚወጣው መዝሙር አሁንም በቀጭኑ ይሰማል። ለማይሰማ ሰው የሚዘመር መዝሙር መሆኑ ትግስትን ቀፈፋት።

«መዝሙር እየሰማ ደረጃ ስቶ ነው» አለ ፖሊሱ።

«ይሆናል» አለች። ከሟቹ ኪስ ግን የታጠፈ ደብዳቤ አወጣች። የሃምሳ አለቃ ቢተው ዋና የጉዳት ሰነድ ዛሬ አራት ሰዓት ላይ ለቦርዱ እንዲቀርብ ያዛል።

የሟቹ ልጅ ሙሉ እየሮጠች ደረሰች። በቀኙ በኩል ነበር የመጣችው፤ ነገር ግን አስከሬኑን ዞራ በግራው ተንበረከከችና ጆሮው ሥር «አባዬ» አለችው። ትግስት ይህን ልብ አለች።

«ለምን እንዲህ ማልዶ መጣ?»

«ከሥራ ሰዓት በፊት ና ተብያለሁ አለኝ። ማን እንዳለው አልነገረኝም» አለች ሙሉ። «ስድስት ዓመት ሐሰተኛ ነህ ሲሉት ኖሩ። ካሳው ይቅር፤ አባቴ ግን ውሸታም እንደተባለ አይቀበርብኝ!»

አስከሬኑን ያገኘው የጦር ጓደኛው ገብረሃንስ ክራንቹን ተደግፎ ያለቅሳል።

«ትናንት ተጣልታችሁ ነበር ይባላል» አለች ትግስት።

«ተጣልተናል። ‹ተወው ቢተው፣ ይህ ደረጃ ይገድልሃል› አልኩት። ምነው ምላሴን በቆረጠው!»

ላይ ስትወጣ የፋይል ክፍል ሠራተኛው ነህምያ ነጭ ሸሚዙን ጥርት አድርጎ ለብሶ ጠበቃት።

«ሃምሳ አለቃ እኮ እንደ አባቴ ነበሩ» አለ። «ግን ቦርዱ ሁሌ ‹ፋይሉና የሐኪሞቹ ውጤት አይገጥምም› እያለ ይመልሳቸዋል። ዝርዝሩ ለእኔ አይመጣም።»

«እሳቸውስ አልነገሩህም?»

«በመስኮት ሲጮሁብኝ በጽሑፍ ያቅርቡ እላቸዋለሁ። አሠራር ነው።»

«አቀረቡ?»

«በየጊዜው። አንብቤ ከፋይላቸው ጋር አያይዣለሁ።»

ፋይሉን አስወጣችው። ከውስጡ በ1991 ዓ.ም. ተጻፈ የተባለ የጦር ሜዳ ሆስፒታል ወረቀት አገኘች፦ «በከባድ መሣሪያ ፍንዳታ ግራ ጆሮው መስማት አቁሟል።» የወረቀቱን ራስጌ ሁለቴ አነበበች። የተያያዘ ማመልከቻ ግን አንድም የለም። የነህምያን መሳቢያ ስትስበው በላስቲክ የታሰሩ ሰባት ፖስታዎች ተገኙ።

አራት ሰዓት ላይ ሁሉንም በቦርዱ አዳራሽ ሰበሰበቻቸው። ሰው ሁሉ እርስ በርሱ መተያየት ፈርቶ መሬት መሬት ያያል።

«ሃምሳ አለቃ ቢተው ተገፍተው ነው የወደቁት» አለች ትግስት። «ገዳዩ አደጋ እንዲመስል መዝሙር ከፍቶ ማዳመጫውን ሰካላቸው። ስለ ጆሯቸው ምንም የማያውቅ ሰው ቢሆን ሁለቱንም ይሰካ ነበር። ራሳቸው ሃምሳ አለቃ፣ ሙሉ ወይም ጋሽ ገብረሃንስ ቢሆኑ ግራውን ብቻ ይሰኩ ነበር።»

«ቀኙማ ከፈነዳበት ቀን ጀምሮ አይሰማም!» አለ ገብረሃንስ። «እኔ ነኝ ደሙን የጠረግሁለት።»

«የሐኪሞቹ ውጤትም ቀኝ ነው የሚለው» አሉ የቦርዱ ሰብሳቢ፣ አንገታቸውን ደፍተው።

«ሙሉ አባቷን ስትጠራ እንኳ ዞራ በግራው ነው። ቀኙን መርጦ የሚሰካ፣ የማይሰማው ግራው ነው ብሎ ያመነ ሰው ብቻ ነው። ይህ ደግሞ የተጻፈው እዚች ወረቀት ላይ ነው።»

«ፋይሉን ስንት ሰው ያየዋል!» አለ ነህምያ።

«ያየዋል። ወረቀቷን የጻፋት ግን አንድ ሰው ነው፤ ፋይሉ የሚጠበቀውም በአንተ እጅ ነው። ራስጌዋ ላይ ያለው ስልክ አሥር አሃዝ ነው። በ1991 የአገሩ ስልክ ሁሉ ስድስት አሃዝ ነበር፤ ልጅ ሆኜ የቤታችንን በቃሌ ይዤዋለሁ። ዋናውን ሰነድ ስም ቀይረህ ለሌላ ሰው ሰጠህና ይህችን ከትዝታህ ጻፍክ። ስትጽፍ ቀኙን ግራ አደረግኸው። ዛሬ ዋናው ይቅረብ ሲባል የምታቀርበው አልነበረህም። ለማን ነው የሰጠኸው?»

«ለእህቴ ባል» አለ ነህምያ በመጨረሻ። «ማልደው ይምጡ ያልኳቸው ልለምናቸው ነበር። ‹ለቦርዱ እናገራለሁ› ብለው ፊታቸውን ወደ ደረጃው አዞሩ።»

ትግስት ፖስታዎቹን ፊቱ ደረደረቻቸው። ሰባቱም እንደታሸጉ ናቸው።

«ክፈት።»

አንዱን ቀደደ።

«ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብብ።»

«የማይሰማው ጆሮዬ ቀኙ ነው፤ ግራው አይደለም። እባካችሁ ስሙኝ።»

ሰባቱም ይህንኑ ይላሉ፤ በኋላ በኋላ የመጡት የእጅ ጽሑፋቸው ብቻ ተንቀጥቅጧል።

«አንዷን እንኳ ከፍተህ ቢሆን ማዳመጫውን ግራው ላይ ትሰካው ነበር» አለች ትግስት። «እኔም ደረጃ ስቶ ወደቀ ብዬ እሄድ ነበር።»

ነህምያ በካቴና ታስሮ ወጣ። ሙሉ ከግድግዳው ሳትላቀቅ «ታዲያ አባቴን አሁን ማን ያምነዋል?» ብላ ጠየቀች።

ትግስት የምርመራ መዝገቧን ገልጣ ጻፈች፤ የጻፈችውንም ጮክ ብላ አነበበች። «ሟች ሃምሳ አለቃ ቢተው፤ በጦር ሜዳ ጉዳት ቀኝ ጆሮው የማይሰማ።» ፈረመችበትና ለሰብሳቢዋ አቀበለቻቸው። እሳቸውም ቆመው ፈረሙ።

ሙሉ ቀረበች። «ቀኝ» የምትለዋን ቃል በጣቷ ነክታ ከጠዋት ጀምሮ የያዛትን ልቅሶ ለቀቀችው።